በሰው ዋሻ ውስጥ የቆመ ግድግዳ፤ ከአፍቃሪያን የቪዲዮ ጨዋታ ጋር ትውውቅ

ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ሳይሆን፣ በገደል ሥር አስቀድሞ በነበረ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ስለ ሆነ፣ ጣራው የፈጣሪ፣ ግድግዳው የሰው ነው፤ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበውም ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች እየተጠራቀመ ለምእመናን ጠበል ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቀው ያሰብኩት የዘመናችን የእጅ ሥራም ሌላው በከፈተው ዋሻ ውስጥ የራስን ግድግዳ የማቆም ጥበብ ነው። ይኸውም አንድ ሰው በልጅነቱ የወደደውን፣ ነገር ግን የሌላ ድርጅት ሀብት የሆነውን የቪዲዮ ጨዋታ፣ ዓለሙንና ገጸ ባሕርያቱን ተውሶ፣ ያለ ደመወዝ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ፈቃድ፣ ከሥራና ከትምህርት በተረፈው ሌሊት እንደገና የሚሠራው ወይም ባለቤቱ ካቆመበት የሚቀጥለው የአፍቃሪ ጨዋታ ነው።

በየከተማው ፕሌይስቴሽን ቤት ጆይስቲክ ጨብጠው፣ በየጨዋታው ሒሳብ እየከፈሉ የሚያመሹት ልጆቻችን፣ ጨዋታ ማለት ከውጭ አገር ተጠናቅቆ የሚመጣ ዕቃ ይመስላቸው ይሆናል እንጂ፣ አንድ ብቸኛ ሰው በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሊሠራው የሚችል ነገር መሆኑን የነገራቸው ጥቂት ነው። የሆላንዱ ፕሮፌሰር ማርክ ኦቨርማርስ እ.ኤ.አ. በ1999 ጌም ሜከር የተባለውን መሣሪያ ካወጡ ወዲህ ግን፣ የፕሮግራም ትምህርት ያልዘለቀው ሁሉ በትዕግሥት ብቻ ወደዚህ ሙያ ደጅ ሊደርስ ችሏል።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ወርዱ 320፣ ቁመቱ 240 ነጥብ (ፒክሰል) የሆነ አንድ የጨዋታ ክፍል፣ እያንዳንዳቸው በየጎናቸው 16 ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ቢከፈል፣ 300 ካሬ ይወጣዋል፤ ሠሪውም ስለ እያንዳንዱ ካሬ ይህ ድንጋይ ነው፣ ይህ አየር ነው፣ ይህ እግርን የሚያዘገይ ውሃ ነው እያለ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። ከዚያም ገጸ ባሕርዩ ሲዘል ስንት ነጥብ ከፍ እንዲል፣ ሲወድቅም በምን ፍጥነት እንዲወርድ በሙከራ ብዛት ያገኘዋል፤ አንዲት ነጥብ ብታንስ መዝለሉ ይከብዳል፣ ብትበዛ ሰውየው ላባ ይሆናል፣ ከድንጋዩም በላይ በአንዲት ነጥብ ተንሳፍፎ ቢቆም ተጫዋቹ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ሐሰት መሆኑን ዐይኑ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ክፍል በመቶ የሚቆጠር ሲሠራ፣ ዓመታት እንደሚያልፉ ማሰብ አያዳግትም።

በዚህ መንገድ እስከ ፍጻሜ ከተጓዙት ሁሉ ስሙ ይበልጥ የሚነሣው አርጀንቲናዊው ሚልተን ጓስቲ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1991 ጌም ቦይ ለተባለችው የኪስ መጫወቻ ያወጣውን፣ 160 በ144 ነጥብ በሆነች ትንሽ መስኮት በአራት ዐይነት ጥላ ብቻ የተሣለውን ሜትሮይድ 2 የተባለ ጨዋታ፣ በሙሉ ቀለም፣ በሰፊ መስኮት፣ አዳዲስ ክፍሎችንና አዲስ ዜማን ጨምሮ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲደክምበት ቆይቶ፣ የመጀመሪያው ሜትሮይድ በወጣ በ30ኛ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ (ኦገስት) 6 ቀን 2016 ለሕዝብ በነጻ አወጣው። ብዙ ሳይቆይ የኒንቴንዶ ጠበቆች ግዘት ደረሰ፤ ጨዋታው ከተለጠፈባቸው ስፍራዎች ተነሣ፤ ሠሪውም ማሻሻያ ማውጣቱን ተወ። ይሁን እንጂ በስንት ሺህ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ የገባውን ነገር መልሶ መሰብሰብ የማይቻል ስለ ሆነ፣ ሌሎች አፍቃሪያን ከተፈጸመው ጨዋታ ኮዱን መልሰው ፈትተው፣ እስከ ዛሬ እያረሙና እያስፋፉ ይዘውታል። ኒንቴንዶም በዓመቱ፣ በ2017፣ ያንኑ ጨዋታ በራሱ በኩል አሳድሶ ለገበያ አቀረበ፤ ጓስቲም ሙን ስቱዲዮስ በተባለ ድርጅት ተቀጥሮ፣ በ2020 የወጣውን ኦሪ የተባለውን ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ከሠሩት አንዱ ሆነ። ከግዘት ወደ ሹመት መሸጋገር ማለት ይህ ነው፤ ለሁሉ ግን አይደርስም።

የጓስቲ ጨዋታ በወጣበት በዚያው ወር የወጣው ፖኪሞን ዩራኒየም የተባለው የአፍቃሪ ጨዋታ የዘጠኝ ዓመት ድካም ሲሆን፣ ከመነሣቱ በፊት ከ1.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተወርዶ ነበር። ከዚያ ቀደም፣ ክሮኖ ትሪገር የተባለውን የጃፓን ጨዋታ በአዲስ መልክ ሊያወጡ የተነሡት ወጣቶች በ2004፣ ታሪኩን ሊቀጥሉ የተነሡት ሌሎቹም በ2009፣ ከባለቤቱ ከስኩዌር ኤኒክስ በደረሳቸው ደብዳቤ ሥራቸውን አቁመዋል፤ እነዚህ ሁለተኞቹ ሊያወጡት ሳምንታት ብቻ ቀርተዋቸው ነበር።

ነገር ግን ጠበቃ የገደለው ጨዋታ፣ ራሱ ሠሪው ከተወው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚቀረው ማንም ሳይከለክለው ነው። ጀማሪው በመጀመሪያው ወር የሚያምረውን ይሠራል፤ ጀግናውን ይሥላል፣ የመጀመሪያውን ክፍል ያስጌጣል፣ የመግቢያውን ዜማ ያገባል፤ የሚቀረው ግን ያላማረው ሥራ፣ ይኸውም ጨዋታውን አቋርጦ የወጣ ሰው ሲመለስ ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ፣ የምርጫ ገጾችን ማስተካከል፣ በመቶኛው ክፍል ላይ ያለ ምክንያት የሚቆመውን ኮድ ማደን ነው። በዚህ መካከል ፈተና ይመጣል፣ ሥራ ይገኛል፣ ትዳር ይያዛል፣ ሐርድ ዲስክ ይቃጠላል። የቀረውም ሥራ በአንድ ፎልደር ውስጥ ባለ ሦስት ክፍል ዓለም ሆኖ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ክፍል በቀኝ በኩል በር አለ፣ ከበሩ ወዲያ ግን ካሬ አልተሠራም፣ የገባ ሁሉ ማቆሚያ በሌለው ጥቁር ባዶ ውስጥ ይወድቃል። እኔ ይህን ዐይነቱን ጅምር ከብዙ የተፈጸመ ሥራ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ የሠሪው እጅ የት ላይ እንደ ደከመ በግልጽ ይታይበታልና።

ባለቤቶቹ ደግሞ ሁሉ አንድ ጠባይ የላቸውም። ቫልቭ የተባለው ድርጅት የ1998ቱን ሃፍ ላይፍ እንደገና የሠሩትን አፍቃሪያን፣ ብላክ ሜሳ በሚል ስም እንዲሸጡት እንኳ ፈቀደላቸው፤ የሶኒክ ባለቤት ሴጋም የአፍቃሪ ሥራውን አይቶ አውስትራሊያዊውን ክርስቲያን ዋይትሄድን በመጥራት የ2017ቱን ሶኒክ ማኒያ አሠራው።

ለእኛ አገር አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኤጅ ኦቭ ኤምፓየርስ 2 ነገር ነው። ይህ በ1999 የወጣ የነገሥታትና የጦርነት ጨዋታ፣ የሠራው ድርጅት ኤንሴምብል ስቱዲዮስ በ2009 ተዘግቶ ወላጅ አልባ በሆነ ጊዜ፣ አፍቃሪያኑ ተሰባስበው በ2012 መጨረሻ ፎርጎተን ኤምፓየርስ የተባለ፣ አምስት አዳዲስ ሕዝቦችን የጨመረ ማስፋፊያ በነጻ አወጡ። ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ከመክሰስ ይልቅ ሥራውን ስለ ተቀበለ፣ በ2013 በሕጋዊ መልክ ታተመ፤ እነዚያው አፍቃሪያንም ድርጅት ሆነው፣ በ2015 ኢትዮጵያውያንን ከማሊ፣ ከበርበርና ከፖርቱጋል ጋር ወደ ጨዋታው አስገቡ። በዚህም ምክንያት ዛሬ በየትም አገር ያለ ተጫዋች ባላገሩን እንጨት እንዲቆርጥ ሲያዝዘው በአማርኛ ይመልስለታል፤ ቀስተኞቻችን ከሌላው ሕዝብ ቀስተኛ 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ፤ ሾተል የታጠቀም ወታደር አለን። በጨዋታው ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ታሪክ የዮዲት ነው። ላስታ ውስጥ ስሟ ከእሳትና ከጥፋት ጋር ብቻ የሚነሣው ጉዲት፣ በዚያ ተጫዋቹ ራሱ የሚመራት፣ አምስት ምዕራፍ ያላት ባለታሪክ ሆናለች፤ ካህናቱ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያስቸግርም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የኢትዮጵያውያኑ ቤቶች ከማሊዎቹ ጋር አንድ ዐይነት የጭቃ ሕንጻ ናቸው፤ በላሊበላ ዳገት ላይ እስከ ዛሬ የሚታየውን፣ በቀይ ድንጋይ የተገነባውን ክብና ባለ ፎቅ የላስታ ጎጆ አንድ ሰው ፎቶግራፉን እንኳ ለሠሪዎቹ ቢያሳያቸው ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ከዚያም በ2020 ሲቪላይዜሽን 6 የተባለው ሌላ ጨዋታ ዐፄ ምኒልክን ሲያስገባ፣ ከዐለት የሚፈለፈል ቤተ ክርስቲያንን የኢትዮጵያ ልዩ ሥራ አደረገው። የሚሠራው በኮረብታ ወይም እሳተ ገሞራ በተወው አፈር ላይ ሲሆን፣ በአጠገቡ ባሉት ተራሮችና ኮረብቶች ቍጥር የእምነት ነጥብ ያስገኛል፤ የላሊበላ ዐለትም በእርግጥ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ በመሆኑ፣ ይህን የደነገገው ሰው ማንበቡ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ሁለት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ሊሠሩ አይችሉም የሚል ሕግ ጨምሮበታል፤ 11ዱ በጥቂት እርምጃ ርቀት ተያይዘው ከሚኖሩበት ከተማ ለሚያይ ሰው ይህ ፈገግ ያሰኛል።

ስለ ሕግ ካነሣን፣ በእኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ቈጥሮ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ለውጦ ማውጣትን ለባለቤቱ ፈቃድ ትቶታል፤ ስለዚህ የአፍቃሪ ጨዋታ በሕግ ፊት ያለው አቋም በአዲስ አበባም ሆነ በቶኪዮ ቀጭን ነው። የላስታ አናጢዎችና ፈልፋዮች ግን እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረባቸውም። ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እያነባበረ በአክሱም ሥርዐት አነጸ፤ ቤተ መድኀኔ ዓለምን ሊቃውንቱ የጥንቱን የአክሱም ጽዮንን አምሳል የተከተለ ነው ይሉታል፤ ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉትም፣ አክሱማውያን በግድግዳቸው ያሳልፉት የነበረውን የእንጨት ንብርብር፣ እንጨት በማያስፈልግበት ወጥ ዐለት ላይ መስመር በመስመር ቀርጸው አስቀሩት። ጥቅም የሌለውን የእንጨት ቅርጽ በድንጋይ ላይ ለመቅረጽ የሚደክም፣ የመጀመሪያውን ሥራ ከልቡ የወደደ ሰው ብቻ ነው።

በአገራችን ጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ ያለው ልማድ ግን የሌላ ድርጅትን ጨዋታ ከመዋስ ይለያል። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኩኩሉ፣ ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው የምታመልጥበት የስልክ ጨዋታ ሲሆን፣ የገበጣንም ጨዋታ ወደ ስልክ ያመጣው ይኸው ድርጅት ነው። ገበጣ ባለቤት የለውምና ማንም ጠበቃ ደብዳቤ አይጽፍበትም፤ ለጀማሪ ሠሪም ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የሚገኝ አይመስለኝም።

ላስታን ራሱን የጨዋታ ዓለም ለማድረግ የሚነሣ ወጣት ግን ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። የላሊበላ አቀማመጥ አስቀድሞ የሌላ አገር ካርታ ነው፤ ዮርዳኖስ መካከሉን ይከፍላል፣ ጎልጎታም ደብረ ዘይትም በስማቸው አሉ፤ ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን፣ ሲኦል የሚሉትን ጨለማ ዋሻ፣ እጁን በግድግዳው ላይ እየዳሰሰ ያለፈ ሰው፣ የጨዋታ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚመኘውን ነገር በእግሩ አውቆታል። የሕንጻዎቹንም ልክ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ለክቶ በኮምፒዩተር አስቀምጦታል። ችግሩ የሚመጣው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን ማንም ምእመን ስለሚያያቸው ካሬ በካሬ ሊሞላቸው ይችላል፤ መቅደሱን ግን ከካህናት በቀር የሚገባበት የለም፣ ተጫዋች ደግሞ በተፈጥሮው መጋረጃ ያየ እንደ ሆነ ከመግለጥ አይመለስም። እንግዲህ ሠሪው ከመጋረጃው ወዲያ ያሉትን ካሬዎች ሁሉ ድንጋይ ብሎ ይሞላቸው እንደ ሆነ፣ ወይስ ባዶ ይተዋቸው እንደ ሆነ፣ ኮዱን ከመጀመሩ በፊት ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይኖርበታል።