የታጠፈው ወረቀትና ነጋሪት ጋዜጣው

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለዳ፣ ከአንድ ምርጫ ጣቢያ ደጃፍ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ጋቢ የደረበውም ጃንጥላ የያዘውም ተራውን ይጠብቃል። «እማማ፣ ጣትዎን ያምጡልኝ» ይላል ቀለም የያዘው ወጣት። አሮጊቷ ጣታቸውን ዘርግተው «በሳሙና ይለቃል?» ብለው ጠየቁት። «እንዳይለቅ ብለን እኮ ነው የምንቀባዎት!»

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሥራ አጭር ነው። ወረቀቱ ላይ ከመረጡት ዕጩ ጎን ምልክት ያደርጋሉ ወይም አሻራ ያሳርፋሉ፤ አጥፈው ኮሮጆ ውስጥ ይከታሉ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዕጩውን በመወዳደሪያ ምልክቱ ይለየዋል። በ1997ቱ ምርጫ የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣት የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም።

ድምፁ ወደ ወንበር የሚለወጠው በምርጫ ክልል ነው፤ በአገሪቱ 547 አለ። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ደንግጓል። በአንድ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። አምስት ዕጩዎች 10 ሺህ ድምፅ ቢከፋፈሉና አንዱ 3 ሺህ አግኝቶ ቢቀድም፣ ሌላ ሰው የመረጡት 7 ሺዎቹም ተወካያቸው እሱ ነው። ቆጠራው ቀላል በመሆኑ የሚወዱት አሉ፤ እኔ ግን ያ 7 ሺህ ድምፅ የት እንደገባ ሳስብ እቆጫለሁ።

ሕዝብ ወኪሉን በቀጥታ መምረጥ የጀመረውም ብዙ ዘመን አልሆነውም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ቢያቋቁምም እንደራሴዎቹን የመረጠው ሕዝቡ አልነበረም። በ1948 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ፓርቲ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው የገቡት ያኔ ነው።

አሁን ተመራጮቹ ሕግ ወደሚያወጡበት ወደ አራት ኪሎ። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሕግ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተነሥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ይመጣል፤ ከዚያ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። በቴሌቪዥን የምናየው እጅ ማውጣት፣ «ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ» የሚባለው፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሕግ ሲሠራ ማየት የፈለገ ኮሚቴው የሚጠራው ውይይት ላይ ይገኝ።

እንበል፣ ረቂቁ ስለ ንግድ ፈቃድ ነው። «መሥፈርቱን ላሟላ አመልካች ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል» ይላል። አንዱ የውይይቱ ተሳታፊ ተነሥቶ «ይሰጣል» ይባልልን ይላል። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ ይመስላል እንጂ፣ በመጀመሪያው ቃል ሹሙ አመልካቹን «ነገ ተመለስ» የማለት ቀዳዳ ያገኛል፤ በሁለተኛው ግን ወረቀቱ ከተሟላ መከልከል አይችልም። አንዳንድ አዋጅ ሕዝብን ዓመታት የሚያመላልሰው በዚህ አንድ ቃል ነው። ይህ ቃል የሚለወጠው ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ካሜራ ሲበራ ሳይሆን፣ ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ሲያነብ ነው። በኋላማ በምክር ቤቱ ስብሰባ ከተገኙት አባላት አብላጫው ከደገፈው አለቀ፤ ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ መገኘታቸው ግን የግድ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሁለተኛ ምክር ቤት ቢሆንም ይህን ሕግ ድምፅ ሰጥቶ አያጸድቅም፤ የእሱ ድርሻ ሕገ መንግሥቱን መተርጎምና መሰል ጉዳዮች ናቸው።

የጸደቀው ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመበት ያለ ፊርማ በሥራ ላይ ይውላል፤ ፕሬዚዳንቱ ሕግ አፍኖ ማስቀረት አይችልም።

የቀረው ማወጅ ነው። ድሮ ገበያ መሐል ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ የሰማው ላልሰማው ያደርሳል። በ1934 የወጣው ጋዜጣ ስሙን ከዚያ ወሰደ። የዛሬው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ይታተማል፤ በአንዱ አማርኛ፣ በአንዱ እንግሊዝኛ። ሁለቱ ከተጋጩ የበላይነቱ የአማርኛው ነው። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከፕሬዚዳንቱ ስም በላይ ያለውን አንቀጽ ይመልከቱ፤ አዋጁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና የሚናገረው እሱ ነው።