የከተማ ሕዝብ ቁጥርና የወሰን ጥያቄ፦ የስኮትላንድ ተሞክሮ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው፤ የስኮትላንድ ትልቋ ከተማ በሆነችው በግላስጎው ስንት ሰው ይኖራል? እ.ኤ.አ. በ2022 የተካሄደው ቆጠራ በከተማዋ ምክር ቤት ወሰን ውስጥ 620 ሺህ ያህል ነዋሪ መዝግቧል። ወሰኑን ትተን ቤት ከቤት ተያይዞ የተሠራውን አካባቢ በሙሉ ብንቆጥር ግን ቁጥሩ አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ስምንት ምክር ቤቶችን የሚያቅፈውን የግላስጎው ከተማ ክልል ብንወስድ ደግሞ 1.8 ሚሊዮን ገደማ እናገኛለን። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የሚለያዩት «ከተማ» የሚለውን ቃል በሦስት ልዩ ልዩ ትርጉሞች ስለሚይዙት ነው።

በአማርኛ «ከተማ» የሚለው ቃል ትልቁንም ትንሹንም ይሸፍናል። በስኮትላንድ ግን «ሲቲ» እና «ታውን» ይለያያሉ፤ የሚለያያቸውም የሕዝብ ብዛት ሳይሆን ማዕረግ ነው። ዛሬ «ሲቲ» ተብለው የሚታወቁት ስምንት ናቸው፤ እነርሱም ግላስጎው፣ ኤድንብራ፣ አበርዲን፣ ዳንዲ፣ ኢንቨርነስ፣ ስተርሊንግ፣ ፐርዝና ደንፈርምሊን ናቸው። ስተርሊንግ በ2002፣ ፐርዝ በ2012፣ ደንፈርምሊን በ2022 ማዕረጉ በይፋ የተሰጣቸው ከንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ የንግሥና ኢዮቤልዩ በዓላት ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህም 37 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ስተርሊንግ «ሲቲ» ስትባል፣ ከ75 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት ፔይዝሊ እስካሁን «ታውን» ናት።

ማዕረግ ለስታቲስቲክስ መለኪያ ስለማይሆን፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ሌላ ስልት ይከተላል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራባቸውን ተጎራባች የፖስታ ቁጥር ቀጠናዎች እያያያዘ ይሄዳል፤ ሕዝቡ የሚሳሳበት ቦታ ሲደርስ ያቆማል። እንዲህ የተያያዘው አካባቢ ቢያንስ 500 ነዋሪ ካለው እንደ አንድ የመኖሪያ ስፍራ ይቆጠራል። በዚህ ስልት ፔይዝሊም ሆነች ክላይድባንክ ከግላስጎው ምክር ቤት ወሰን ውጭ ቢሆኑም የታላቋ ግላስጎው አካል ናቸው።

ወሰን ግን በካርታ ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። በ1920 የሊዝ ወደብ ከኤድንብራ ጋር ስትዋሐድ፣ ነዋሪዎቿ በተሰጠው ድምፅ ውሕደቱን በከፍተኛ ብልጫ ተቃውመውት ነበር። ኤድንብራ ግን በአንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨመረች። በአንጻሩ በ1996 የአካባቢ አስተዳደር እንደ አዲስ ሲዋቀር ራዘርግለንና ካምበስላንግ ከግላስጎው ወጥተው ወደ ደቡብ ላናርክሻየር ተዛወሩ። አንድም ሰው ቤቱን ሳይለቅ የግላስጎው ሕዝብ ቀነሰ።

ይህ ሲባል የግላስጎው መቀነስ በሙሉ የወሰን ውጤት ነው ማለት አይደለም። በ1951 ከተማዋ 1.09 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ2001 የተቆጠረው 578 ሺህ ገደማ ነው። በዚያው ዘመን የመላው ስኮትላንድ ሕዝብ 5.1 ሚሊዮን አካባቢ እንደነበረ ቆይቷል። የከተማዋን መጨናነቅ ለማቃለል ሁለት ሐሳቦች ተፋጠው ነበር። የከተማዋ መሐንዲስ ሮበርት ብሩስ በ1945 ሕዝቡ በወሰኑ ውስጥ እንዳለ ከተማዋ ፈርሳ እንድትሠራ ሐሳብ አቀረቡ። በፓትሪክ አበርክሮምቢ መሪነት የተዘጋጀው የ1946ቱ የክላይድ ሸለቆ ፕላን ግን ብዙ ሕዝብ ወደ ውጭ እንዲወጣ መከረ። በ1947 ኢስት ኪልብራይድ፣ በ1955 ከምበርኖልድ፣ በ1962 ሊቪንግስተን «አዲስ ከተማ» ተብለው ተሰየሙ። የመርከብ ግንባታና የከባድ ኢንዱስትሪ መዳከም ፍልሰቱን አባባሰው። ወደ አዲሶቹ ከተሞች የሄዱት በአብዛኛው ወጣትና ሙያ ያላቸው ቤተሰቦች ነበሩ፤ አረጋውያን፣ ሕሙማንና ሥራ አጦች በብዛት በአሮጌዋ ከተማ ቀሩ።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ግብር የሚሰበስበው ነዋሪው የሚገኝበት ምክር ቤት ነው። ከወሰኑ ማዶ የሚኖር ሰው በግላስጎው ይሠራል፣ በመንገዶቿ ይመላለሳል፣ ቤተ መዘክሮቿን ይጎበኛል፤ ግብሩን ግን ለሌላ ምክር ቤት ይከፍላል። መንግሥት ለምክር ቤቶች የሚያከፋፍለው ድጎማም በአመዛኙ በሕዝብ ቁጥር ላይ ይመሠረታል። ስለሆነም ወሰኑ የት ይሰመር የሚለው ጥያቄ፣ ወጪውን ማን ይሸከም ከሚለው ጥያቄ ሊነጠል አይችልም።

እንግዲህ የአንድን ከተማ ሕዝብ ቁጥር ስታነቡ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። ቁጥሩ የየትኛው ወሰን ነው? ወሰኑ ካለፈው ቆጠራ ወዲህ ተለውጧል ወይ? የሄዱትና የቀሩትስ እነማን ናቸው? እነዚህ ሳይመለሱ ሁለት ከተሞችን፣ ወይም አንዲትን ከተማ በሁለት ዘመን ማነጻጸር የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሚዛን መመዘን ይሆናል።