በኪራይ ውል ላይ የተጨመረው ገጽ

በአሜሪካ አፓርታማ የሚከራይ ሰው ከዋናው ውል ሌላ አንድ ተጨማሪ ገጽ እንዲፈርም ሊጠየቅ ይችላል። ገጹ ተከራዩ፣ ቤተሰቡ ወይም እንግዳው ወንጀል ከፈጸመ ውሉ እንደሚፈርስ ይገልጻል። መነሻው በአሪዞና የምትገኘው ሜሳ ከተማ ናት። የከተማዋ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1992 «ከወንጀል ነፃ የኪራይ ቤቶች» የሚል ፕሮግራም ጀመረ፤ አሠራሩም ወደ በርካታ የአሜሪካና የካናዳ ከተሞች ተዛመተ።

ፕሮግራሙ ሦስት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ ፖሊስ አከራዮችንና የሕንፃ ኃላፊዎችን ለ8 ሰዓት ያህል ያሠለጥናል። የአመልካችን ማንነት ማጣራት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ምልክቶችን መለየትና የውል አያያዝን ይማራሉ። ቀጥሎ ፖሊስ ግቢውን ይፈትሻል፦ መቀርቀሪያው ጠንካራ ነው? በሩ የውጭ ማያ ቀዳዳ አለው? ደረጃውና የመኪና ማቆሚያው በቂ መብራት አላቸው? ቁጥቋጦው መስኮት ጋርዶ ለሌባ መደበቂያ አልሆነም? በመጨረሻ ተከራዮች ተሰብስበው ከፖሊስና ከጎረቤት ጋር ይተዋወቃሉ። ሦስቱን ያሟላ ሕንፃ የምስክር ወረቀት ያገኛል።

መብራትና መቀርቀሪያ ማንንም አይጎዱም። ክርክሩ ያለው በተጨማሪው ገጽ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ተከራይን ለማስወጣት የወንጀል ፍርድ አይጠበቅም፤ ልጅ ወይም እንግዳ በተጠረጠረበት ነገር መላው ቤተሰብ ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ገጹ ባሏ የሚደበድባትን ሴትም «ፖሊስ ብጠራ ያስወጡኛል» ብላ ዝም እንድትል ያደርጋታል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በካሊፎርኒያ የምትገኘውን ሄስፔሪያ ከተማ፣ ስለ ፕሮግራሙ ያወጣችው ደንብ ጥቁሮችንና ላቲኖችን ለይቶ ይጎዳል በማለት በ2019 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2022 በስምምነት ሲያልቅ ከተማዋ ደንቡን ሻረች። ከ2024 መግቢያ ጀምሮም የካሊፎርኒያ ሕግ ከተሞች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በአከራዮች ላይ ግዴታ እንዳያደርጉ ከልክሏል።

የፖሊስና የአከራይ ትብብር የሚመሰገነው ግቢውን ሲጠብቅ ነው፤ ያልተፈረደበትን ሰው ጎዳና ላይ ሲጥል ግን ራሱ በደል ይሆናል። እንግዳ መቀበል ባህላችን ነውና፣ በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ስለ እንግዳ የሚናገረውን አንቀጽ ሳታነቡ አትፈርሙ። የማስለቀቂያ ደብዳቤ ቢደርሳችሁም ወዲያው ዕቃ አትሸክፉ። በአብዛኞቹ ስቴቶች አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከራይን ማስወጣት አይችልምና፣ በቅድሚያ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አማክሩ።