ጀልባ ሸራ፦ ቀብድ ከመክፈል በፊት

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ፀሐዩ ሸራን ቶሎ ይበላል። በባሕር ዳር ጎብኚ የሚያመላልስ ባለጀልባ ሸራ ሰፊ ሲያፈላልግ ዋጋ አስቀድሞ መጠየቁ ያሳስተዋል። የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሁሉ ጀልባ አይሰፋም፤ ካሶኒ አራት ማዕዘን ነው፣ ጀልባ ግን ወደ አፍንጫው ይጠባል። ልኩን ከጀልባው ላይ ወጥቶ የማይወስድ ሰፊ ርካሽ ቢሆንም ኋላ ያስወጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ጨርቁ ሳይሆን ስፌቱ ነው። የጥጥ ክር እርጥበትና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል፤ ፖሊስተር ይሻላል። ፕላስቲክ የተቀባው ሸራ ዝናብ ባያስገባም አየር አያሳልፍም፤ መተንፈሻ ካልተተወለት ከሥሩ ይሻግታል። ገመድ የሚገባበት ቀለበት ናስ ይሁን፣ ተራ ብረት ይዝጋል። የጨርቁ ዓይነት፣ ክሩና የማስረከቢያው ቀን ቀብድ ሲሰጥ በውል ይሰፍራል፤ ክረምቱ በሰኔ ስለሚገባ ትእዛዙ እስከ ሚያዝያ ቢሰጥ ይመረጣል።