አየር ላይ የሚያልቀው ደረጃ

ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚያመራ ሰው፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ ያያል። ላዩ ላይ በር የለው፣ ሰገነት የለው፤ አየር ላይ ያልቃል። ያቆሙት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ፋሽስቶች ሮማ ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ጠላት ሲወጣ በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችል ነበር። አልፈረሰም። በመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና ቆጠራው እዚያ ላይ ቆመ።

ታሪካዊ ቤትን ጠብቆ ለሕዝብ ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የማሳየው ይህን ደረጃ ነው። የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ማቆየት ቀላል ነው፤ እንደዚያ የተጠበቀ ቤት ግን ታሪኩ ተጠርጎ የወጣ ባዶ ቤት ነው።

ገነተ ልዑል ደግሞ የሚጠረግ ብዙ ነበረው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብለው አሠሩት፤ የወራሪው እንደራሴ ግራዚያኒ መቀመጫው አደረገው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች በቤቱ አረንጓዴ ሳሎን ተረሸኑ። ከእነሱ አንዱ ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ከፋሽስት ጥይት ተርፈው፣ ግራዚያኒ በተቀመጠበት ቤት በወገን ጥይት ወደቁ።

በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመ፤ ቤተ መንግሥቱም የተቋሙ ቤትና ሙዚየም ሆነ።

የሙዚየሙ የባህል ዐውደ ርእይ የተደራጀበት መንገድ ደስ ይለኛል። ዕቃዎቹን በየብሔረሰቡ ከመደርደር ይልቅ የሰውን ዕድሜ ተከትሏል፤ ከልደት ይነሣል፣ በልጅነትና በጉልምስና አልፎ ሞት ላይ ይደርሳል። ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎችም አሉ። ጎብኚን የሚያስደምመው ግን የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ነው። ሰው የጃንሆይን አልጋ ሲያይ ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መስቀሉን ሌላ ሙዚየም ውስጥም ያገኘዋል፤ ጃንሆይ ራሳቸው የተኙበትን ክፍል ግን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ማሳየት አይቻልም።

ችግሩ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትረካ መኖሩ ነው። የአገሪቱ ባህል ክፍሎቹን ሲሞላ የቤቱ የራሱ ታሪክ በቀላሉ ይደበቃል፤ ያኔ ጥሩ አስጎብኚ ያስፈልጋል። ውጭ ያለው አንበሳም ቢሆን ትንሽ ስለሆነ፣ ጣቱን ቀስሮ የሚያሳየው ሰው ያላገኘ እንግዳ ደረጃውን ብቻ አይቶ ይሄዳል።