በስስ አየር ውስጥ ያለፉ 740 ቀናት

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን በቤተ ሙከራ ውኃ አፍልተው ሙቀቱን ሲለኩ ብዙ ጊዜ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይሉናል። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲል መሣሪያው 92 ገደማ ላይ ይቆማልና። መሣሪያው ግን ጤነኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ያንኑ ውኃ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ብናፈላው ደግሞ 71 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል።

ይህን ያነሣነው ኒማ ሪንጂ ሼርፓ ስለሚባል ኔፓላዊ ወጣት ልናወራ ስለፈለግን ነው። በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች 14 ሲሆኑ፣ ሁሉም በሂማላያና በካራኮራም ሰንሰለቶች ላይ ይገኛሉ። ኒማ የመጀመሪያውን፣ ማናስሉን፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በ16 ዓመቱ ወጣ። በ2023 የፀደይ ወራት ኤቨረስትንና ጎረቤቱን ሎትሴን 24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አከታትሎ ረገጠ። መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2024) በቲቤት የሚገኘውን 8,027 ሜትር ከፍታ ያለውን ሺሻፓንግማን ሲወጣ አሥራ አራቱን ፈጸመ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 740 ቀናት ነበሩ። ዕድሜው 18 ነበር፤ ቀደም ሲል የዕድሜውን ክብረ ወሰን የያዘው ሰው፣ እርሱም ሼርፓ ነው፣ ሥራውን በ2019 የፈጸመው በ30 ዓመቱ ነው።

በዚያ ከፍታ ሰውነትን የሚፈትነው ምንድን ነው? «ኦክስጅን ያልቃል» የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል አይደለም። በኤቨረስት ጫፍም ሆነ በምጽዋ ወደብ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚያንሰው ግፊቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የሕክምና ተመራማሪ ባሮሜትር ይዞ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ሲለካ 253 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አገኘ፤ በባሕር ጠለል 760 ነው። ወደ ሳንባ የገባ አየር በውኃ ተን ይሞላል፤ የተኑ ግፊት በሰውነት ሙቀት 47 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከፍታ አይቀንሰውም። እንግዲህ አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ያንሣ፦ ከ253 ላይ 47 ሲቀነስ 206፣ የዚያ 21 በመቶ 43 ነው። በባሕር ጠለል ይኸው ስሌት 150 ገደማ ይሰጣል።

የ1981ዱ ልኬት ሌላም ነገር አስተማረ። በመማሪያ መጻሕፍት ያለው የመደበኛ ከባቢ አየር ስሌት ለዚያ ከፍታ 236 ያህል ነበር የሚሰጠው። ልዩነቱ የመጣው ኤቨረስት በ28 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ለምድር ወገብ ቀረብ ብሎ በመገኘቱ ነው። በዚህ አካባቢ ሞቃቱ የአየር ዐምድ ወፍራም ስለሆነ ከላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ተራራው ወደ ዋልታ ቀረብ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሬይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሀበለር በ1978 ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን መውጣታቸው ምናልባት ባልተቻለ ነበር። አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ እዚያ ላይ ግን የሕይወት ልክ ነው።

ኒማ ከወጣቸው ተራሮች ብዙዎቹን ተጨማሪ ኦክስጅን እየተነፈሰ ነው የወጣው። 4 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ300 ከባቢ አየር ግፊት ቢሞላ፣ በባሕር ጠለል ግፊት 1,200 ሊትር ጋዝ ይሆናል። በደቂቃ 2 ሊትር ሲለቀቅ ለ10 ሰዓታት ይበቃል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ድሉን ከሜስነር ጋር ማወዳደር አይገባም ይላሉ። በዚህ እንስማማለን፤ ሜስነር በ1986 አሥራ አራቱን ያጠናቀቀው አንዱንም በጠርሙስ ሳይረዳ ነበር። የኒማ ቤተሰብ የተራራ ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት ባለቤት መሆኑም መንገዱን አቅንቶለታል። አባቱና አጎቱ ራሳቸው ስመ ጥር ወጪዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ክርክሩ የዘነጋው ነገር አለ። ለሰባ ዓመታት ያህል የውጭ ሰዎች ስማቸውን ሲያስመዘግቡ ገመዱን የዘረጉት፣ ጠርሙሱን የተሸከሙት ሼርፓዎች ነበሩ። ኤፕሪል 2014 በኤቨረስት የበረዶ ናዳ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን በአንድ ማለዳ ገደለ። በሺሻፓንግማም ኒማ ከመድረሱ አንድ ዓመት በፊት፣ ለክብረ ወሰን የሚሽቀዳደሙ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶችን ናዳ ሲወስድ ሁለቱ ሼርፓ መሪዎቻቸውም አብረው ሞቱ። ኒማ ድሉን ለሕዝቡ መታሰቢያ ሲያደርግ፣ ሼርፓ የሌላ ሰው ረዳት ብቻ አለመሆኑን ማሳየት መፈለጉን ተናግሯል።

ደሙ ረድቶት ይሆን? ሼርፓዎች እንደ ቲቤታውያን ሁሉ በከፍታ ላይ ደማቸው ከመጠን በላይ እንዳይወፍር የሚያግዝ የዘረ መል ቅርጽ አላቸው፤ ይህም ዴኒሶቫን ከሚባሉ ከጠፉ የጥንት ሰዎች የተወረሰ መሆኑ በ2014 ታትሟል። የእኛም ደጋ በዚህ ጥናት ውስጥ ድርሻ አለው። በ2002 በወጣ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌትም ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ከቲቤታውያን የተለየ መንገድ ነው፤ ለባዮሎጂ ተማሪዎቻችን ሰፊ የምርምር መስክ ነው።

ኒማ ከዚህ በኋላ የመረጠው ፈተና ያለ ጠርሙስ የሚካሄድ ነበር። ከጣሊያናዊው ሲሞኔ ሞሮ ጋር፣ በክረምት፣ የተዘረጋ ገመድ ሳይኖር ማናስሉን ለመውጣት ተነሣ። በክረምት አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ከላይ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ በኤቨረስት ጫፍ ከበጋው በ10 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚያንስ ይገመታል። ለሳንባ ተራራው ከፍ ያለ ያህል ነው። ጃንዋሪ 2025 የነፋሱ ትንበያ ሲከፋ ሁለቱም ገመዳቸውን ጠቅልለው ተመለሱ።