መብቱን ያወቀ ሕፃን ለማን ይንገር? የሕፃናት ደኅንነት ትምህርት ከደብረ ኤልያስ አንጻር

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የተቀበለችው ከዚያም ቀደም ብሎ በ1983 ዓ.ም. ነው። መብቱ በሕግ ከሰፈረ ሠላሳ ዓመት አልፏል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው መብቱን የተማረ ሕፃን በዕውቀቱ ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ነው።

በቅድሚያ ሕጉ ራሱ ለመምህሩ የሚያስቸግር ስፌት አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታት ያስቀጣል፤ ሆኖም ለመልካም አስተዳደግ ሲባል በአግባቡ የሚወሰድን የሥነ ሥርዓት እርምጃ ከቅጣት ውጭ ያደርጋል። በክፍል ውስጥ «ማንም ሊመታህ አይገባም» የተባለ ልጅ ማታ ከአባቱ በትር ሲቀምስ፣ ትምህርቱ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር ይመስለዋል። ልዩነቱን ሸፋፍኖ ከማለፍ ይልቅ በዕድሜው ልክ ማስረዳት የተሻለ ይመስለኛል።

ስለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ውጤት በሰፊው ከተጠቀሱት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ነው። ወሲባዊ ጥቃትን ለመከላከል በትምህርት ቤቶች የተሰጡ ትምህርቶችን የፈተሹ 24 ሙከራዎችን አጠቃልሏል፤ ተሳታፊዎቹ 5,802 ነበሩ። ልጆቹ ዕውቀታቸው ጨምሯል፤ የደረሰባቸውን የመናገር ዝንባሌም ከፍ ያለ ሆኖ ታይቷል፤ ትምህርቱ ፍርሃት አላሳደረባቸውም። ጥቃቱ ራሱ መቀነሱን ግን ግምገማው ማረጋገጥ አልቻለም። ከሙከራዎቹ አንዱም በአፍሪካ አልተካሄደም። እንግዲህ ትምህርቱ በእርግጥ የሚሰጠው ነገር የመናገር ድፍረት ከሆነ፣ ክብደቱ የሚያርፈው በሰሚው ላይ ነው።

መናገር ደግሞ ቃል ይጠይቃል። በአማርኛ የመራቢያ አካል በጨዋ አነጋገር «ኀፍረት» ይባላል፤ ስለዚያ ማውራትም ነውር ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የአካሉ ስም ከእፍረት ጋር ተጣብቆ የተነገረው ልጅ፣ አንድ ሰው ያንን አካሉን ሲነካበት ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ቢወስደው አያስደንቅም። «ጨዋ ልጅ» የምንለውም ዓይኑን ሰበር አድርጎ የታዘዘውን የሚፈጽመውን፣ በታላላቆች ጨዋታ የማይገባውን ነው። ይህን ጨዋነት ማፍረስ አያስፈልግም፤ ነገር ግን «ይህን ለእናትህ ወይም ለአክስትህ መናገር ነውር አይደለም» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር ከአዋቂ አንደበት ካልወጣ ልጁ በራሱ አይደርስበትም።

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ደብረ ኤልያስ ጉዳዩን ይበልጥ ታከብደዋለች። ቦታዋ በቅኔ ትምህርት ስሟ የተጠራ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የአብነት ትምህርት ከተማሩባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናት። የአብነት ተማሪ ብዙውን ጊዜ በለጋ ዕድሜው ከወላጆቹ ተለይቶ፣ አንዳንዴም ሳያስፈቅድ ጠፍቶ፣ ሩቅ አገር ይሄዳል። በጎጆ ያድራል፤ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ረኀብና ተስቦ ያገኙታል። የመደበኛው ትምህርት ቤት ልጅ ማታ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ የአብነት ተማሪ ግን መምህሩ፣ ቀጪውና ጠባቂው አንድ ሰው ናቸው፤ የኔታ። አብዛኞቹ የኔታዎች ለደቀ መዛሙርታቸው አባት መሆናቸው አያጠራጥርም። ችግሩ አንዱ ባይሆን፣ ወይም በዳዩ በዚያው ጎጆ የሚያድር ትልቅ ተማሪ ቢሆን፣ ትንሹ ልጅ የሚሄድበት ሌላ ደጅ አለመኖሩ ነው። በመደበኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋጅ የመብት ክበብም ይህን ልጅ አያገኘውም።

ሰሚውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከዚያው ከጎጃም የተገኘ ምሳሌ አለ። ብርሃን ሔዋን የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ ቀበሌ ተካሂዷል። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ቢሆንም፣ በአካባቢው ልጃገረዶች ገና በሕፃንነታቸው ይዳሩ ነበር። ፕሮግራሙ ሕጉን ለልጃገረዶቹ በመንገር ብቻ አልተወሰነም፤ በሴት አማካሪዎች የሚመሩ ቡድኖችን አቋቋመ፣ የትምህርት መሣሪያ ሰጠ፣ አዋቂዎችን በማኅበረሰብ ውይይት አሳተፈ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም ፍየል ሰጠ። በመጨረሻ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የመዳራቸው ዕድል ከንጽጽር ቀበሌው ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ አለ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ጋብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለአንዳንዶቹ ጋብቻው ዘገየ እንጂ አልቀረም ማለት ይመስላል። ፍየሏ ወይስ አማካሪዋ የበለጠ ሠራች የሚለውን ጥናቱ ለይቶ አያሳይም። አማካሪዋ ግን ልጅቱ በየጊዜው የምታገኛት፣ የአባቷ ጥቅም ያልያዛት ሴት ነበረች።

ለአብነት ተማሪው ተመጣጣኝ ሰው ማን ነው? የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ሥልጣኑ አላቸው፤ ልጁ ግን አያውቃቸውም። ልጁን ደጋግማ የምታየው ቁራሽ የምትሰጠው የመንደሩ እናት ናት። ቁስሉን፣ መክሳቱን፣ ድንገት መቅረቱን ከማንም ቀድማ ልታስተውል የምትችለው እርሷ ናት፤ እርሱም ድምፁን ሳይፈራ የሚያሰማው በእርሷ ደጅ ነው። የደኅንነት ትምህርቱ ከየኔታ ጋር በመመካከር ለተማሪዎቹ ሲሰጥ፣ በሰንበቴና በማኅበር ደግሞ ለእነዚህ እናቶች «ልጁ ምን ቢልሽ፣ ለማን ትናገሪያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ መግባት ይቻላል። በደብረ ኤልያስ የመስክ ጥናት የሚያደርግ ተመራማሪም ከጎጆው ሌላ እነዚህን ደጆች ቢቆጥር፣ አንድ ተማሪ በሳምንት ስንቱን እንደሚያንኳኳና ከእነርሱ ስንቱ በስሙ እንደሚጠራው ሊመዘግብ ይችላል።